ወንዶቹ ወደ ጓሮ የሄዱበት ዓርብ

ጣና እንደኛው ሐይቅ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ሐዋሳ ተወልዶ ላደገ ሰው ሐይቅ ማለት ማዶው ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት ተራራው «ደህና አደራችሁ» የሚል የሚመስል ውኃ ነው። ጣና ግን ማዶ የለውም። ይህን ለጎረቤቴ ለእትዬ አስቴር ስነግራቸው «ማዶ ከሌለው ባሕር ነው እንጂ ምኑን ሐይቅ ሆነ» አሉኝ። እሳቸው ከሻሸመኔ አልፈው አያውቁም፤ ከእንግዲህም ጉልበታቸው አይፈቅድላቸውም። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት እሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እንዲያነቡት ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በጥቅምት ወር፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት የውጭ አገር የምክር ቤት አባላት ባሕር ዳር ለሚደረግ አንድ አነስተኛ ጉባኤ አስተርጓሚ ፈልገው አገኙኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሌላ ሩቅ አገር አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቅቆ፣ የሃይማኖት ሕግ ከሌላው ሕግ ሁሉ በላይ እንዲሆን ተጽፎበታል። የነዚህ ሰዎች ምክር ቤት ጉዳዩ አሳስቦት መግለጫ ሊያወጣ ነው። መግለጫውን የሚያረቁት እነሱ ሁለቱ ናቸው። እኛ አገር ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ለዘመናት አብረው ኖረው ኋላ ስለተለያዩ፣ ከመጻፋችን በፊት መጥተን እንይ አሉ።

በቦርሳዬ ውስጥ ግን የእነሱ ያልሆነ ሌላ ወረቀት ነበር።

አባቴ ዓሊ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰኔ ላይ አረፈ። የተወው ቤት እኔ እናቴን ይዤ የምኖርበት ነው። ሁለት ወንድሞቼ ውርሱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈለጉ። በሕጋችን እንዲህ ያለ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚታየው ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ወንድሞቼ ፈርመዋል፣ እናቴንም አስፈርመዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከፈረምኩ የኔ ድርሻ የአንድ ወንድም ግማሽ ይሆንና ቤቱ ይሸጣል። ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ከሄደ ድርሻዬ ከእናቴ ጋር ተደምሮ ቤቱ ይተርፈናል፤ ታላቅ ወንድሜ ከማል ግን የአባታችንን ሃይማኖት ያቃለልኩ አድርጎ ያየኛል። ሃይማኖቴን እወዳለሁ፤ ሶላቴን አላስታጉልም። ከማል ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ያቀረበልኝ ሐዘን በተቀመጥንበት ሳሎን፣ ሦስት አጎቶቻችን እያዩኝ ነው። «ከጉዞ ስመለስ» ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በተመለስኩ ማግሥት ሰኞ ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ሰኞ ንጋት ላይ ለጉዞው ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ «ወረቀቱን ይዘሽዋል?» አለችኝ። ይዣለሁ አልኳት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ከሁለት ቃል በላይ አትናገርም፤ እኛም ሐዘን ነው ብለን ለምደነዋል።

አዲስ አበባ አድሬ እንግዶቼን አገኘሁ። ሴትየዋ ማርታ ትባላለች፤ ረዥም ናት፣ የሰማችውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። ሽማግሌው አንድሬያስ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የምክር ቤት አባል ከመሆናቸው በፊት ዳኛ ነበሩ። መኪና ሲነሳ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ፤ ሲቆም ነቅተው ካቆሙበት ወሬ ይቀጥላሉ።

ማክሰኞ ዓባይ በረሃ ስንደርስ ጉሙ ከሥራችን ነበር። መኪናችን ወደ ነጭ ጥጥ ውስጥ ቀስ እያለች ወረደች፣ ድልድዩን ተሻገረች፣ ማዶ ዳገቱ ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር ከመንገድ ዳር ጎጆ አንዲት ሴት አግዳሚ ተሸክማ መጣችና «ፀሐይ ላይ አይቆምም» ብላ ከዛፍ ሥር አስቀመጠችን። ውኃ በጣሳ ሰጠችን። ማርታን ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት። የላትም ስላት ብዙ አዝና «እግዜር ይስጣት» አለች። ለማርታ «መልካሙን ሁሉ ተመኘችልሽ» ብዬ ተረጎምኩት። ይህ በጉዞው ሁሉ አውቄ ያጣመምኩት ብቸኛ ትርጉም ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረዘመ፤ ወይም እኔ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ስለነበርኩ ረዝሞ ታየኝ። የጎጃም ጤፍ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ነፋስ ሲያልፍበት ሜዳው ሁሉ ይተነፍሳል። እኛ አገር እንሰቱ ቤቱን ከቦ ይቆማል፤ እዚህ ማሳው ቤቱን ከቦ ይተኛል። በዚህ መሃል የመግለጫውን ረቂቅ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፦ «የሃይማኖት ሕግ በየትኛውም አገር ሕገ መንግሥት ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም» ይላል።

«እኛ ጋ እኮ ቦታ አለው» አልኳቸው። «ጠባብ ቦታ ነው፤ ባለጉዳዮች ከፈቀዱ ብቻ ይገባበታል።»

አንድሬያስ ነቅተው ኖሯል። «ልጄ፣ ዳኛ ሆኜ ብዙ ፈቃድ አይቻለሁ። ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየው የሚፈቅድ ሰው ፈቅዷል አይባልም» አሉ።

ተናደድኩ። ማንም ስለ ቤቴ ያልነገራቸው፣ ከብርድ አገር የመጡ ሰው፣ ሳሎናችንን ከነአጎቶቼ ያዩት ይመስል ነበር። የበለጠ ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው። እስከ ማታ ድረስ ከሥራ ቃል በቀር አልተናገርኳቸውም።

ባሕር ዳር የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዘንባባዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ባጃጆች እየተሽሎከለኩ፣ ከመንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ሰፊ ብርሃን ተዘርግቶ አየሁ። ሰማይ ነው ብዬ ነበር። ሾፌሩ «ሐይቁ ነው» አለኝ። ያረፍነው ፋሲሎ በሚባለው ሰፈር አንድ ፔንሲዮን ነው። በማግሥቱ ጠዋት ውኃ ጠፋ፤ ባለቤትየዋ ግን ለየክፍላችን አንድ አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ከነጆኩ በር ላይ አስቀምጣልናለች። አንድሬያስ ጆኩን ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም፤ በበር ቀዳዳ አስተረጎምኩላቸው።

ስለ ረቡዕ ጉባኤ ብዙ የምጽፈው የለኝም። መብራት ስለጠፋ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ምሁራኑ እየጮኹ ተናገሩ፣ እኔም እየጮህኩ ተረጎምኩ። ምሳ በየዓይነቱ ነበር፤ ጦም ስለሆነ ማንም ከማንም ሳይለይ ከአንድ ትሪ በላ። ከሰዓት በኋላ ከሕግ መምህራኑ አንዱ «ፈቃድ በር ነው፤ ጥያቄው ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነው» ብለው ተቀመጡ። ማርታ ጻፈችው። እኔ በቦርሳዬ ላይ እጄን ጭኜ መስኮቱን አየሁ፤ ውኃው ከዛፎቹ ኋላ ብልጭ ይላል።

ሐሙስ ጠዋት፣ የሐይቁን ገዳማት ልናይ ስንነሣ፣ ሐይቁና ሰማዩ አልተለዩም ነበር። ጀልባችን ሞተር አላት፤ ነጂዋ ሁሴን የሚባል የሐይቁ ዳር ሰው ነው፣ ጥቂት ነገር ተናግሮ ብዙ ይመለከታል። ሞተሩ ሲነሳ እኔ እንደ ልማዴ በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አልኩ። ሁሴን ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ በጉሙ ውስጥ ሄድን። አንዴ ከደንገል ሣር በተሠራ ታንኳ ላይ የቆመ ሰው አጠገባችን ብቅ አለ፤ ውኃ ላይ የቆመ ይመስላል፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለንና ጉሙ መልሶ ወሰደው። የሰኞውን ቀጠሮ ለጊዜው ረሳሁት።

ጉሙ ሲገፈፍ ደሴቷ ፊት ለፊታችን ነበረች፤ ዛፍ ብቻ ናት፤ ከዛፉ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይታያል። ወንዶች መነኮሳት ብቻ የሚኖሩባት ናት። ጀልባዋ ዳርቻውን ስትነካ አንድ አዛውንት መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወረዱ።

«አባታችን ይግቡ» አሏቸው አንድሬያስን። ወደ እኛ ዞረው ደግሞ «እናንተ እኅቶቼ ከዚሁ ከጥላው ዕረፉ። ሴት አይወጣባትም» አሉ።

ማርታ ለምን እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅኳቸው።

«ሥርዓት ነው።»

«ማን ነው የሠራው ትላለች።»

«እኔ ሳልወለድ ነው፣ ልጄ። እኔም ሳልጠየቅ ነው የገባሁበት» አሉ፤ ተቆጥተው አይደለም። አንድሬያስን ይዘው ወጡ።

ሽማግሌው ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው ያስተዋልነው፤ አስተርጓሚያቸውን ታች ትተዋል። ዘወር ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ዘረጋሁ። ምን ይደረጋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ አንድ ቃል ሳይግባቡ ብራናም፣ መስቀልም፣ የንብ ቀፎም አይተዋል። በእጃቸው ዳቦና ሦስት ሎሚ ይዘዋል፤ መነኩሴው ለእኛ የላኩት ነው።

እኔና ማርታ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ተነጋገርን። «አያናድድሽም?» አለችኝ።

«እዚህ ለመውጣት ፈልጌ አላውቅም፤ ስለዚህ አላውቀውም» አልኳት። «የራሴ ቤት ቢሆን ያናድደኝ ነበር።» ከዚያ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት፤ ሁሉን ነገርኳት። ምክር ትሰጠኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሰጠችኝም። ወረቀቱን በዕጥፋቱ መልሳ አጥፋ ሰጠችኝና «እስከ ሰኞ» አለች። ለዚህ ወደድኳት። ዳቦው ሲመጣም እንደተናደደች በላችው።

ከደሴቷ ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ሞተ። ሁሴን ገመዱን ሳበ፣ ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው። «ዕቃ ይፈልጋል፤ ነገ ከከተማ ያመጡልኛል» አለና በአንዲት ሳንቃ መቅዘፍ ጀመረ። አንድሬያስም ኮታቸውን አውልቀው በባርኔጣቸው ቀዘፉ፤ የጠቀሙት ነገር የለም፣ ግን ማንም አላስቆማቸውም። ወደ ሐይቁ ገባ ያለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ፣ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው።

ዘጌ ከላይ እስከ ታች ጫካ ነው። የቡና ዛፎች ከትልልቆቹ ሥር ተጠልለው፣ መንገዱ ከግራና ቀኝ በድንጋይ ካብ ተይዞ፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። ሰው ሲያልፍ ድምፁ ከመድረሱ በፊት ኮቴው ይሰማል። ሁሴን የወሰደን ወደሚያውቃቸው መሪጌታ ይኸይስ ቤት ነው። መሪጌታ ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፃቸው በተማሪ ጩኸት መሃል ኖሮ አሁን ዝግ ብለው ይናገራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትነሽ ገና ከበር ሳንገባ «ደክሟችሁ የለም እንዴ፣ ግቡ፣ ግቡ» እያሉ ዕቃችንን ከእጃችን ተቀበሉ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ደስታ አልኳቸው። የአባቴን ስም አልጠየቁኝም።

«እንግዲህ ሞፈርና ቀንበር በዚህ ምድር አይገባም» አሉ መሪጌታ፣ ማርታ ማሳ ስላላየች ስትጠይቃቸው። «ጥንት የገዳሙ አባት ሳታርሱ ትኖራላችሁ ብለው ቃል የተቀበሉበት ነው። ቡናውን ለቅመን፣ ጌሾውን ሸጠን እንኖራለን።»

«ማረስ የፈለገ ሰውስ?»

«ወሰኑን አልፎ ያርሳል። ሲመለስ ደህና መጣህ እንለዋለን።»

ማርታ ይህንንም ጻፈችው።

ፀሐይ ሳትገባ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ወይዘሮ እናትነሽ ለኛ ብለው ያሳረዱት ነበር። እኔ እንጀራውን እየቆረስኩ ዳር ዳሩን ከአይቡ ጋር ቀማመስኩ። «ምነው የኔ ልጅ፣ አልጣመሽም?» አሉኝ። ጠግቤ ነው አልኩ፤ ከጠዋቱ ሎሚና ዳቦ በቀር ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሁሴን ከጥግ ሽሮውን እየበላ ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሣ «እሜቴ፣ እሷም እንደኔው ናት» አላቸው።

ወይዘሮ እናትነሽ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ እናትነሽ! ከቤቴ የገባች እንግዳ ጦሟን ልታድር! ስምሽን ብቻ ጠይቄ፣ የማን ልጅ ነሽ ሳልልሽ!» ለመንኳቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። ከቆጡ ላይ አንዲት ጥቁር ድስትና ሁለት ሳህን አወረዱ። ለእስላም እንግዳ ብለው ለብቻ የሚያስቀምጡት ዕቃ ነው፤ እናታቸውም እንዲህ ያስቀምጡ ነበር አሉኝ። ሌላ ዶሮ ተይዛ መጣች፤ ሁሴን ወደ ደጅ ወጥቶ ባርኮ አረዳት። ሽንኩርቱን እኔ ከተፍኩ። ባለቤትየዋ አጠገቤ ቆመው ቅመሙን በእጃቸው እያሳዩኝ፣ ማማሰያውን ግን እንዳይነካካ ብለው ለኔ ተዉልኝ። እኔና ሁሴን ከጥቁሯ ድስት በላን። ፈረንጆቹ ከሁለቱም በሉ፤ መሪጌታም «እነሱ የቱም አይከለክላቸው፣ የታደሉ» ብለው ሳቁ።

ሐዋሳ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ዓሣ እናወጣለን፤ ዓሣ አራጅ አይፈልግም። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮ እናትነሽ ተቆጡኝ። «እንግዳን በዓሣ ማምለጥማ ስንፍና ነው» አሉኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ።

ዓርብ ሚካኤል ነበር፤ ሥራ የለም። ከቅዳሴ መልስ የመሪጌታ ግቢ በሰው ተሞላ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሽምግልና ይቀመጣሉ። መሪጌታና ሁለት ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ፊታቸው የቆመችው ውዴ የምትባል ወጣት ናት፤ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ከጎኗ የባሏ ወንድም አንማው አለ። የተጣሉት ሟቹ በተወው የቡና ቦታ ነው። ሽማግሌዎቹ ከፈረዱ ፍርዱ በግዝት ይታሰራል፤ ያፈረሰ የቤተ ክርስቲያን እርግማን አለበት። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱም ወገኖች ዳኝነቱን ለሽማግሌዎች መስጠት አለባቸው። እኛ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆነን፣ እኔ በለሆሳስ እየተረጎምኩ፣ እናያለን።

«አንማው፣ ዳኝነቱን ሰጥተኸናል?» አሉ መሪጌታ።

«ሰጥቻለሁ።»

«ውዴ፣ አንቺስ ትሰጪናለሽ?»

ውዴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አንማውና ዘመዶቹ ያዩዋታል። የትርጉም ሥራዬን አቆምኩ፤ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነበርኩበት።

«ትሰጣለች እንጂ የት ትሄዳለች» አለ አንማው።

መሪጌታ ጭራቸውን አነሡ። «አንተን አልጠየቅሁም።» ከዚያ ወደ ሰው ሁሉ ዞረው፣ የዕለት ሥራ እንደሚያዝ ሰው፣ «በሉ ወንዶች፣ ወደ ጓሮ» አሉ።

ወንዶቹ ሁሉ ተነሡ። ሽማግሌዎቹም፣ አንማውም፣ መሪጌታም ራሳቸው ተነሥተው ከቤቱ ኋላ ዞሩ። አንድሬያስ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም አንዱ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ትናንት እኛን ታች ትተው የወጡት ሰውዬ፣ ዛሬ አስተርጓሚ አጥተው ጓሮ ከጎመኑ መሃል ቆሙ። በግቢው የቀረነው ወይዘሮ እናትነሽ፣ ውዴ፣ ማርታና እኔ ነን። ባሏ የሞተባት ሴት ስትጠየቅ ልማዳቸው ይህ ነው። መልሷን የምትሰማው ሴት ናት፤ ወንዶቹ የሚሰሙት እሺ ወይም እምቢ መሆኑን ብቻ ነው።

«ወንዶቹ የሉም፣ እታለም» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። «ዳኝነቱን ትሰጫቸዋለሽ?»

አንድ ወፍ ከዋርካው ወርዳ ሽማግሌዎቹ ከተነሡበት ወንበር ሥር መልቀም ጀመረች።

«ደጎች ናቸው» አለች ውዴ። «ግዝቱንም እፈራለሁ። እኔ ግን ከሱ ዘመድ መካከል ተቀምጨ ቃል አይወጣኝም። አልሰጥም። ወረዳ እሄዳለሁ።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደው «ኑ፤ አልሰጠችም» ብለው ተጣሩ።

ወንዶቹ ተመለሱ። አንማው ፊቱ ጠቁሮ «እንዲህ ቤተ ክርስቲያን ትናቃለች?» አለ።

«ያልተሰጠንን ዳኝነት ብንፈርድ ነው የምትናቀው» አሉ መሪጌታ። «በሉ፣ ሰላም ግቡ።» ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። አንማው ውዴን ሳይሰናበታት ሄደ፤ እሷም በሌላው መንገድ ብቻዋን ወረደች። ታሪኩ ያማረ ፍጻሜ አልነበረውም። ግን ማንም ሲረግማት አልሰማሁም።

እኔ ከበረንዳው ለመነሣት አቃተኝ። ዕንባዬ መጣ፤ ደስታም ቅናትም ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ራሴ ጉዳይ ብቻዬን የጠየቀኝ ሰው አስታውሼ አጣሁ።

ማርታ ወደ መሪጌታ ሄዳ በኔ በኩል ጠየቀቻቸው። «መንግሥት ሰው ሁሉ በግድ ወደ እናንተ ይምጣ፣ በእናንተ ሕግ ይዳኝ ብሎ ቢያዝስ?»

መሪጌታ እንደ ልጅ ሳቁ። «እንግዲያ ጓሮው ምን ይሠራል?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የሞተሩ ዕቃ መጣ። ጀልባዋ ላይ ሁለቱ ተከራከሩ። ማርታ ከረቂቁ «ቦታ ሊኖረው አይገባም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ፈለገች። አንድሬያስ «ትናንት ደሴቷ በር ላይ ያቆመችሽን ረሳሽው?» አሏት። «አልረሳሁም፤ ደሴቷ አልጠየቀችኝም፤ የዛሬዎቹ ጠየቁ» አለች። በመጨረሻ ሽማግሌው ደብተሯን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉ፦ «ማንም ሰው ብቻውን ተጠይቆ እሺ ሳይል በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ አይገባም።» «ብቻውን» የምትለዋን ቃል ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ማክሰኞ ያኮረፍኩበትን ነገር ይቅር አልኳቸው፤ እሳቸው ግን ማኩረፌንም አላወቁም ነበር።

ከመሳፈራችን በፊት ስንሰነባበት ወይዘሮ እናትነሽ ጥቁሯን ድስት አጥበው ቆጡ ላይ ሲመልሱ አይቻለሁ። «የአንቺ ናት ብያታለሁ። ተመለሽባት» አሉኝ። ሐይቁ ማምሻውን ከብር ወደ ወይን ጠጅ እየተለወጠ ነበር፤ ማዶ ባይኖረውም እንግዲህ አልከፋኝም።

ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ አለፉ። ስለ እነሱ የምለው አባ ኮዳ የምንላቸውን ትልልቅ ወፎች ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሳያቸው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ የሚለውን ብቻ ነው።

ሰኞ ከማል በመኪናው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ወሰደኝ። ቃዲው ሽማግሌ ሸኽ ናቸው፤ አባቴን ያውቁታል። ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና «ብቻዬን ይጠይቁኝ» አልኳቸው።

ከማል «ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አለ።

ሸኹ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወጣ በል፣ ልጄ። እሷ ሳትል እኔ ማለት ነበረብኝ» አሉት። በሩ ሲዘጋ ወደኔ ዞሩ። «ደስታ፣ የአባትሽ ውርስ በሸሪዓ እንዲታይ ፈቅደሻል?»

«አልፈቀድኩም።»

ጻፉት። ቁጣም ምክርም አልነበረም። «ሐቅሽ ነው፤ አላህ ያስማማችሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ከማል ከግቢው ማንጎ ሥር ቆሞ ነበር። ምን እንዳልኩ ከፊቴ አወቀው። መኪና ውስጥ ገባን፤ አላስነሣውም። ስለ ዘጌ ነገርኩት፤ ስለ ውዴ፣ ከጎመኑ መሃል ስለቆሙት ወንዶች። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። «እኔ አልጠየቅኩሽም አይደል?» አለ።

«አልጠየቅከኝም።»

ቤት ስንደርስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ነበር፤ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። ከማል ከፊቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆየና፣ ወደኔ ሳይዞር፣ «ደስታ፣ እስቲ ወደ ጓሮ ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። ከጓሯችን አጥር በላይ የሐይቁ ማዶ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቃሉ ግን አልተሰማኝም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ብዙ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ከማል አላቋረጣትም። እኔም እስኪጠሩኝ ድረስ እዚያው ቆየሁ።